የሸክላ አፈርና እኛ፤ ከአማኑኤል ዙሪያ



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ስለ ቁጠባና ስለ ተዘዋዋሪ ብድር ስንጽፍ ቆይተናል፤ ዛሬ ስለ አፈር እንጽፋለን። ነገሩን ያነሣችው ከወጣት አባሎቻችን አንዷ ናት። ከስብሰባ በኋላ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ ሸክላ ሠሪዋን እናታችንን «እማማ፣ አማኑኤል ዙሪያው ሁሉ አፈር አይደለም እንዴ? ለምን ያን ያህል መንገድ ሄዳችሁ ከዚያች ጉድጓድ ብቻ ትቆፍራላችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ አፈር ሁሉ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃ ሁሉ ግን ጀበና አይሆንም» አሏት። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። የዝምታቸው ምክንያት የገባን ቆይቶ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

መልሳቸው ግን ከሐሳባችን አልወጣም። እኛ በዚህ አፈር ላይ ተወልደናል፤ ቤታችንን በእርሱ መርገናል፣ እህላችንን በእርሱ ጎታ አስቀምጠናል፣ እንጀራችንን በእርሱ ምጣድ ጋግረናል። ምን እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ስለዚህ የግብርና ባለሙያ ጠየቅን፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችን አንብበው ያገኙትን ሰበሰብን፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ ደጃፍም ተቀምጠን አየን።

የአገራችን አፈር የተወለደው ከጥቁር ድንጋይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የወጣ ቅልጥ አለት በዚህ በከፍተኛው የአገራችን ክፍል ላይ እየተደራረበ ፈሰሰ፤ ባለሙያዎች ባዛልት ይሉታል። ኋላም፣ ከዛሬ 20 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት፣ ዛሬ ጉም የሚያለብሰው የጮቄ ተራራ ራሱ እሳተ ገሞራ ሆኖ በዚያ ላይ ተቆለለ። ቁመቱ አሁንም ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ሥራው የዝናብ ነው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከበሰበሰ ቅጠል ጥቂት አሲድ ይዞ ድንጋዩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ድንጋዩን ቀስ እያለ ይበላዋል። ከድንጋዩ ውስጥ ሟሙቶ የሚሄደው ከውኃው ጋር ወደ ጨሞጋና ወደ ተምጫ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል። የሚቀረው ደግሞ እንደገና ተገጣጥሞ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ይኸውም የሸክላ ማዕድን የሚባለው ነው።

የሸክላ ማዕድን እጅግ ደቃቅ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር 500 ቦታ ቢከፈል ከአንዱ ክፋይ አይበልጥም፤ በዓይን አይታይም። በኃይለኛ ማጉያ ሲያዩት ግን እንደ ብራና መጽሐፍ ነው፤ ስስ ቅጠል በቅጠል ላይ ተደርቧል። ሁሉ ነገር ያለው ቅጠሎቹ እርስ በርስ በሚያያዙበት መንገድ ላይ ነው። አንደኛው ወገን ስሜክታይት ይባላል፤ ቅጠሎቹ የላሉ ስለሆኑ ውኃ በመካከላቸው ገብቶ ያርቃቸዋል፤ ያብጣል። ሲደርቅ ውኃው ይወጣና ይሰበሰባል። ሁለተኛው ካኦሊናይት ነው፤ ቅጠሎቹ ተጣብቀው የተያያዙ ስለሆኑ ውኃ አያስገቡም፤ አያብጥም፣ ብዙም አይሰነጠቅም። ስሙ የመጣው ከቻይና ነው፤ ጂንግደዠን በምትባለው የሸክላ ከተማ አጠገብ ጋኦሊንግ የሚባል ኮረብታ አለ፣ የዓለም ሀብታሞች የሚያደንቁት ነጭ ሸክላ ከዚያ አፈር ይሠራ ነበር። የእኛ ሸክላ ከዚያ ጋር ዘመድ መሆኑን ስንሰማ ሸክላ ሠሪዎቹ ሳቁ። «ታዲያ ዋጋው ለምን አልተዛመደም?» ያለችው አንዷ ናት።

የትኛው ወገን የት እንደሚገኝ ለማወቅ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ነው። በሜዳው ላይ፣ ውኃ በሚተኛበት፣ ከድንጋዩ የሟሟው ነገር ሳይታጠብ እዚያው ይቆያልና ስሜክታይት ይበዛል፤ ይህ ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ነው። ውኃ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ግን ዝናቡ ብዙውን አጥቦ ይወስድና ካኦሊናይትና ብረት ይቀራል። አፈሩን ቀይ የሚያደርገው ይኸው ብረት ነው፤ ያረጀ ማረሻ እንደሚዝገው ሁሉ አፈሩም ዝጓል ማለት ይቻላል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ በመኪና ያለፈ ሰው በአማኑኤል ዙሪያ የሚያየው አብዛኛው ቀይና ቡናማ ነው፤ ዋልካው በየሜዳው ተኝቶ ይጠብቃል።

ስለ ዋልካ ለገበሬ ሚስት መንገር አያስፈልግም። በክረምት እግር ይዞ አይለቅም፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ የጥጃ እግር ይውጣል። ሲርስ ሞፈሩን ያንቃል፣ ሲደርቅ ማረሻውን ይሰብራል፤ ለማረስ የሚመቸው በመካከል ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው። ግን ውኃ ይዞ ይቆያል። አያቶቻችን ዝናቡ ሲያባራ ሽምብራና ጓያ በላዩ የሚዘሩት አፈሩ ለወራት ከሆዱ እንደሚያጠጣቸው ስለሚያውቁ ነበር። ጤፍ ሲዘራም ማሳውን በከብት ያስረግጣሉ። በአገራችን እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የግብርና ምርምር ተቋማትና የዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆነው ውኃውን ለማንጣፈፍ ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው ሰፊ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርተው ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ «ቢቢኤም» እየተባለ ይነገርለታል። የእኛ እናቶች ቀደም ሲል በእጃቸው ያንኑ መደብና ቦይ ያወጡ እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ፤ ለዚያ ግን ስም የሰጠው የለም።

የቀዩ አፈር ችግር ሌላ ነው። የሸክላ ቅጠሎች ማግኔት ብረትን እንደሚስብ ሁሉ የሰብል ምግብ የሆኑትን ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምንና ፖታሲየምን ይዘው ያቆያሉ። ለብዙ ሺህ ዓመት የዘነበ ዝናብ እነዚያን እያስለቀቀ ወስዶ በቦታቸው አሲድና አሉሚኒየም አስቀመጠ። አሉሚኒየሙ የሰብሉን ሥር ያቀጭጨዋል፤ የተዘራው ማዳበሪያም ፎስፈረሱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ ሥሩ አይደርስበትም። ሰዎች «መሬቱ ደከመ» ይላሉ። በማቻክል፣ በጎዛምንና በስናን ገብስና ባቄላ እየቀረ እንግዶና ድንች፣ ከዚያም ባሕር ዛፍ የበዛው ከዚህ ጋር በተያያዘ ነው። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማ እንደሆነ ይነገራል። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ደጀን ላይ የሚፈጭበት ፋብሪካም አለ። ኖራው ግን በኩንታል ብዛት የሚጠየቅ ከባድ ዕቃ ነው፤ ብቻዋን ለምታርስ ሴት ከመንገድ ወደ ማሳ ማድረሱ ራሱ ሌላ ዕዳ ነው። ይህን የባሕር ዛፍ ነገር ልብ በሉት፤ ወደ እማማ ጉድጓድ የሚወስደን እርሱ ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንምጣ። እኛ ሸክላ ሠሪዎቹን ስናይ ውለን የተረዳነው አንድ ነገር አለ፤ ባለሙያው በመጽሐፍ የነገረንን እነርሱ በጣታቸው ያውቁታል። እማማ አፈሩን ቆንጠር አድርገው ያረጥቡና በጣታቸው መካከል እንደ ገመድ ያሽከረክሩታል፤ ቀለበት አድርገው ሲያጥፉት ከተሰነጠቀ ይጥሉታል። ጥቁሩን ብቻ አይጠቀሙም፤ «ይለጠጣል፣ ግን ሲደርቅ ይከዳል» ይላሉ። ቀዩን ብቻም አይጠቀሙም፤ ይቆማል እንጅ አይታዘዝም። ሁለቱን ይቀላቅላሉ። ጉድጓዷ የምትፈለገው በተዳፋቱና በሜዳው መጋጠሚያ ላይ ስለሆነች ነው፤ ከላይ የታጠበው ደቃቅ ቀይ አፈር ከታች ካለው ጥቁር ጋር ተፈጥሮ ራሷ ቀላቅላ ያስቀመጠችበት ቦታ ነው። ይህ ነበር ለወጣቷ ጥያቄ ሙሉው መልስ።

አፈሩ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይረጥባል። ከዚያ የተወቀጠ ገል ይገባበታል። ገል ማለት ያው የተሰበረ ሸክላ ነው፤ አንድ ጊዜ እሳት የቀመሰ ስለሆነ አያብጥም አይሰበሰብም፣ አዲሱን ጭቃ እንዳይሰነጠቅ ያግዘዋል፤ ድስቱ እሳት ላይ ሲጣድም ሙቀቱን ያስችለዋል። ስለዚህ በእናቶቻችን ቤት የተሰበረ እንስራ አይጣልም ነበር። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚባለው ተረት ለድህነታቸው መሳቂያ ሆኖ ቢነገርም፣ ገሉ ያለ ምክንያት በደጃቸው አይከማችም። የሸክላ መሽከርከሪያ የላቸውም፤ ዕቃው አይዞርም፣ ሴትየዋ ናት ዕቃውን የምትዞረው። ጎንበስ ብላ ወገቧ እስኪቆረጥ ትዞረዋለች። በእርጥብ ጨርቅ ታብሰዋለች፤ ጥላ ሥር ቀናት ይደርቃል፤ በለስላሳ ጠጠር ይፈተጋል።

ከዚያ እሳት ይመጣል። በኩበት፣ በጭድና በእንጨት ተከቦ በገላጣ ቦታ ይቃጠላል። ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሲደርስ ከቅጠሎቹ ጋር የተዋሐደው ውኃ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሸክላው ወደ ጭቃነት ላይመለስ ይለወጣል። ጭቃ ቤት ዝናብ ሲመታው ይፈርሳል፤ ገል ግን መቶ ዓመት መሬት ውስጥ ተቀብሮ ቢቆይም ገል ነው። የጥንት ታሪክ አጥኚዎች በአክሱምም በሌላም ቦታ የትናንቱን ኑሮ የሚያነቡት በአብዛኛው ከገል ነው፤ የንጉሡ ወርቅ ተዘርፎ ሲያልቅ የሴቲቱ ድስት ስባሪ ይቀራል። ምጣዱ ደግሞ ከእሳት ከወጣ በኋላ በተወቀጠ ጎመን ዘር ይታሰሳል፤ ዘይቱ ቀዳዳውን ደፍኖ እንጀራው እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ማሰሻችን እስከ ዛሬ ከምጣዱ አጠገብ የማይጠፋው ለዚያ ነው።

በሰሜን ሸዋ ያሉ ገበሬዎች ይህንኑ የእሳት ምሥጢር በማሳ ላይ ይሠሩበት እንደነበር ስንሰማ ተደነቅን። ጥቁሩን አፈር ከኩበት ጋር ከምረው እያቃጠሉ ገብስ ይዘሩበት ነበር፤ ጓይ ይሉታል። የተቃጠለው አፈር መጣበቁን ትቶ እንደ አሸዋ ይላላል፤ ለአንድ ሁለት ዓመት ጥሩ ያበቅላል። ግን የአፈሩን ስብ አብሮ ስለሚያቃጥል ከዚያ በኋላ ማሳው ለብዙ ዓመት ማረፍ አለበት። ሸክላ ሠሪዋና ያ ገበሬ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ያውቁ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን ስንጽፍ እጃችን ከበድ ይላል። ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሴቶች በአገራችን የተጠሩበት ስም ሌላ ነበርና። ባል ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሚስት ሸክላ ትሠራለች፤ ሁለቱም «ጠይብ» ይባላሉ፣ ከዚያም ብሶ «ቡዳ»። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ይበላሉ ይባል ነበር። ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ሄደን መጽሐፉ ፈጣሪን በሸክላ ሠሪ ሲመስለው ሰምተን እንመለሳለን፣ አዳምም ከአፈር እንደተበጀ እናምናለን፤ በማግስቱ ገበያ ላይ የሸክላ ሠሪዋን እጅ እንዳንነካ ሳንቲሙን መሬት ላይ እንጥላለን። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ሸክላ የሚሠሩት ቤተ እስራኤላውያት እናቶችም በዚሁ ስም ሲጠሩ ኖረው አብዛኞቹ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ብረት ሠሪውም ሸማ ሠሪውም በሙያው እንዳይሰደብ አዘዙ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን እኛ ልጆች ሆነን ስናድግ ነበረ፤ አንዳንዶቻችንም ከአፋችን አውጥተነዋል።

ስለ ምክንያቱ ብዙ ተብሏል። አንዳንዱ እሳትና አፈር የሚለውጥ ሰው ያስፈራል ይላል። እኛ ግን ነገሩ ከዓይን ይልቅ ከመሬት ጋር የተያያዘ ይመስለናል። በጎጃም መሬት የርስት ነበር፤ ከአባት ከእናት ወገን ቆጥሮ የሚወርስ ይወርሳል። ጠይብ የተባለ ሰው በርስት ቆጠራው ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ የሚያርሰው ቢያገኝ የሌላ ሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ ነው። ቡዳ ከተባለ ሰው ጋር ጋብቻ የለም፤ ጋብቻ ከሌለ ዝምድና የለም፤ ዝምድና ከሌለ ርስት የሚጠይቅ የለም። ስሙ ለማን እንደጠቀመ ከዚህ ማየት ይቻላል። አፈርን ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው ሴት የአፈር ባለቤት እንዳትሆን የተደረገችው እንዲህ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይህ በሕግ ተለወጠ፤ ሸክላ ሠሪውም እንደማንኛውም ገበሬ መሬት የመቀበል መብት አገኘ። የእማማ አባት ድርሻ ተሰጣቸው፤ ድርሻቸው ግን ጭንጫው ጫፍ ላይ ነበር። ያም ሆኖ እማማ ያን ቀን ሲያነሡ ፊታቸው ይፈካል፤ «አባቴ መሬቱን በእርምጃ ለካው፣ ደግሞ ለካው፣ ማታም ተነሥቶ ለካው» ይላሉ። ኋላ በክልላችን የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልም የሚስትም ስም አብሮ ተጻፈ፤ እማማም በደብተሩ ላይ ፎቶአቸው ስላለ ከሣጥን አውጥተው አሳይተውናል። የሸክላ ጉድጓዷ ግን በማንም ደብተር አልተጻፈችም። የወል ግጦሽ ዳር ነበረች፤ የሁሉ ስለነበረች የማንም ሳትሆን ቀረች።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ካልተናገርን ጽሑፉ ግማሽ ይሆናል። ሸክላ ሠሪዎቹ ወደ ማኅበራችን ለመግባት በጠየቁ ጊዜ በደስታ አልተቀበልናቸውም። በስብሰባ ላይ «ገበያው የተለያየ ነው፣ ቁጠባቸው ያነሰ ነው» እያልን የምናወራው ሽፋን ነበር። ጓዳ ስንገባ ግን «ቡና አብረን እንጠጣ? ልጆቻችንስ?» አልን። ጉዳዩ ሁለት ስብሰባ አደረ። በሦስተኛው ከመሥራቾቻችን አንዷ ተነሥታ «በማን ጀበና ነው ይህን ቡና የምንጠጣው?» አለች። ከዚያ በኋላ ነው እጅ የወጣው፤ እርሱም በጥቂት ድምፅ ብልጫ። ለምትደግፉን ወዳጆቻችን ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ በየሪፖርታችን «ሁሉን አቃፊ» እያልን ስንጽፍ እንደነበርም እናስታውሳለን።

ሁለተኛው ነገር እግር ነው። በአካባቢያችን ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት የማያውቅ የለም። በቤተሰብ ውስጥ ስለሚታይ እርግማን ነው፣ የዘር ነው፣ አስከሬን የተሻገረ ነው ይባላል፤ ልጅ ለዚያ ቤት አይሰጥም። ከአባሎቻችን አንዷ ለዓመታት ስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ ትቀመጥ ነበር፤ እግሯን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፣ ሰው ሳይነሣ ቀድማ ትወጣለች። ኩራት ነው ብለን አምተናታል።

ሕመሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ በግሪክ ቋንቋ እግርንና አቧራን ከሚያመለክቱ ቃላት የመጣ ነው። ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረገው ጥናት በሽታው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ መሆኑን አየ፤ በሕመምተኞች ንፍፊት ውስጥም የአፈር ማዕድን ቅንጣት አገኘ። ያ በዓይን የማይታየው ደቃቅ ሸክላ በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ሰውነት ሊያስወግደው ሲታገል የእግሩ የፈሳሽ መስመር ይቆጣል፣ ይዘጋል፣ እግሩ ያብጣል። ታዲያ በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ከሚያርሱት ሁሉም ለምን አይታመሙም? ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚያ አፈር ይበልጥ የሚቆጣ ሰውነት እንዳለው አሳዩ። በቤተሰብ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ግን ጫማ ያደረገ የዚያ ቤት ልጅ አይታመምም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

በዚያው ዓመት በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ቤት ለቤት የተደረገ ጥናት ታትሟል፤ ከ100 ሰው 3 ገደማ ሕመሙ እንዳለበት ያሳያል። በአገር ደረጃ ሕመምተኞቹ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ሕክምናው ቀላል ነው፣ ግን የየዕለት ነው፤ እግርን በሳሙናና ጥቂት በረኪና በገባበት ውኃ መዘፍዘፍና ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ትኩሳቱ ይቆማል። ይህን ከጤና ባለሙያ በሰማን ቀን ያቺ እኅታችን ነጠላዋን ከእግሯ አነሣች። ማንም ምንም አላለም። አጠገቧ የነበረችው እናት ወንበሯን ጠጋ አደረገችላት።

ከዚያ በኋላ በማኅበራችን ግቢ በሳምንት ሁለት ቀን እግር የሚታጠቡበት ቡድን ተቋቋመ። ሳሙናና በረኪና ከመዋጮ ተገዛ፤ ያስቸገረን መዘፍዘፊያው ነው። ያበጠ እግር በተራ ሳፋ ውስጥ በደንብ አይገባም፤ ትልቁ ፕላስቲክ ደግሞ ዋጋው ወጣ። እማማ ስንጨነቅ አይተው «ልኩን ስጡኝ» አሉ። የእኅታችንን እግር በክር ለኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰፊ፣ ከንፈሩ የተቆለመመ፣ ተረከዝ የሚያርፍበት መደብ ያለው የሸክላ መዘፍዘፊያ ይዘው መጡ፤ ከዚያ ሌሎች ሦስት ሠሩ። የዓመቱ መዋጮአቸው ሆኖ ተመዘገበ። መዝጋቢያችን በዕቃ የተከፈለውን የምትጽፍበት ዓምድ ስላልነበራት መዝገቡ ላይ አዲስ መስመር አሰመረች።

አሁን ወደ ጉድጓዷ። ግጦሹ ለግለሰቦች ከተከፋፈለ በኋላ ጉድጓዷ በአንድ ገበሬ ይዞታ ውስጥ ገባች። ገበሬው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀዩ ማሳው ገብስ እምቢ አለው፣ ለኖራ አቅም አጣ፣ ባሕር ዛፍ ተከለ። የባሕር ዛፉ ሥር በጉድጓዷ ላይ እየመጣ ነው፤ እርሱም ሴቶቹ ሥሩን እንዳይቆርጡበት አጥሯል። ሸክላ ሠሪዎቹ ለጊዜው ከሌላ ቦታ ያመጣሉ፤ መንገዱ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ አፈሩም ቀዩ ስለሚበዛበት በእሳት ላይ ብዙ ይሰበራል። ባለፈው ጊዜ ከተቃጠሉት ምጣዶች ሲሶው ገል ሆኗል።

የሸክላ ዕቃ ገበያ ቀድሞ እንደነበረው አይደለም። እንስራን ጀሪካን ተክቶታል፣ ድስቱን ብረት ድስት። ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳን ሽቦው ከሸክላ ሥር ነው፤ ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም ሆዱ ሸክላ ነው። ጀበናን የሚተካ ደግሞ እስካሁን አላየንም። ስለዚህ ሥራው አለ፤ የጎደለው አፈሩ ነው።

ሁለት ነገር ጀምረናል። አንደኛው፣ ጉድጓዷ ያለችበት ቁራሽ መሬት ለሸክላ ሠሪዎች የጋራ መቆፈሪያ ሆና እንድትለይ ማመልከቻ አስገብተናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። ሁለተኛው ከባለይዞታው ጋር የሚደረግ ነው። ከተዘዋዋሪ ብድራችን ለአንድ ማሳው የሚበቃ ኖራ ልናቀርብለት፣ እርሱ ደግሞ በጉድጓዷ ዙሪያ ያሉትን ባሕር ዛፎች ቆርጦ ሊሸጥና ቦታውን ሊለቅ ተነጋግረናል። ብድራችን ለአባላት ብቻ የሚል መተዳደሪያ ስላለን ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። ሚስቱ አባል ልትሆን እንደምትችል ያስታወሰችን ያቺ ጥያቄውን ያነሣችው ወጣት ናት። የኖራውን ማጓጓዣ ለመርዳት የምትፈልጉ ወዳጆቻችን ከጉባኤው በፊት ብታሳውቁን መልካም ነው፤ ኖራው ከዘር ወቅት ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበትና።

እማማ የሚቀጥለውን ሸክላ የሚያቃጥሉት ዝናቡ ሳይገባ ነው። ለእግር መታጠቢያው ሁለት መዘፍዘፊያ ታዟል፤ አንዱ ለልጅ እግር ልክ ነው።